ግቢ ውስጥ ኩሬና ፏፏቴ መሥራት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አዲስ አበባ ባለው ግቢያችን ሁለት ጊዜ ኩሬ ሠርቻለሁ። የመጀመሪያው በአንድ በጋ ተሰነጠቀ። ሁለተኛው ዛሬም ይፈሳል፤ እሑድ እሑድ ቡና የምናፈላው እሱ አጠገብ ነው። ቤታችን የመጣ እንግዳ ሁሉ የሚጠይቀኝ ተመሳሳይ ስለሆነ መልሱን አንድ ላይ ጻፍኩት። በተለይ ያሰብኩት ውኃ በፈረቃ የሚደርሰውን፣ መብራት የሚጠፋበትን፣ ሌሊቱ የሚበርደውን የደጋ ከተማ ሰው ነው።

ግቢዬ ጠባብ ነው። ይሆናል?

ይሆናል። 3 ሜትር በ2 ሜትር ቦታ ካላችሁ ጥሩ ኩሬ ይወጣዋል። ጥልቀቱ በአማካይ 50 ሳንቲ ሜትር ቢሆን 3,000 ሊትር ገደማ ይይዛል። ከዚህ በኋላ የማነሣቸው ቁጥሮች በዚህች ኩሬ ልክ ናቸው።

ወዳጅነት ፓርክ ሄዶ ሰው ሠራሹን ሐይቅ ያየ ሰው ትልቅ ነገር ያምረዋል። እኔ ግን በልካችሁ ጀምሩ እላለሁ። ሆኖም ሳፋ የምታክል ኩሬም አትመችም። ቀን ቶሎ ትሞቃለች፣ ሌሊት ቶሎ ትቀዘቅዛለች፣ ውኃዋም ቶሎ ይበላሻል።

የት ቦታ ልምረጥ?

ከምትቀመጡበት በረንዳ ወይም ከሳሎን መስኮት የሚታይ ቦታ ይሁን። ጓሮ ጥግ የተደበቀ ኩሬ ይረሳል፤ የተረሳ ኩሬ ደግሞ ይሸታል። በቀን 5 ወይም 6 ሰዓት ፀሐይ ቢያገኝ ይበቃዋል። ባሕር ዛፍ ሥር አትሥሩ፤ ቅጠሉ ውኃውን ያበላሻል፣ ሥሩም ይረብሻል። ከቤት መሠረት፣ ከጎረቤት አጥርና ከሴፕቲክ ታንክ ራቅ በሉ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። የግቢው ዝቅተኛ ቦታ ለኩሬ ተፈጥሯዊ ይመስላል። ግን የክረምት ጎርፍ ጭቃውን ይዞ የሚገባው እዚያው ነው። ትንሽ ከፍ ያለ ቦታ ምረጡ፣ ጠርዙንም ከመሬቱ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጉት።

በሲሚንቶ ልሥራ ወይስ በላስቲክ?

በላስቲክ። ይህን የምለው ከፍዬበት ስለተማርኩት ነው።

የመጀመሪያውን ኩሬዬን የሠራልኝ ግንበኛ ሥራውን በደንብ የሚያውቅ ሰው ነበር። ብረት አሰርን፣ ኮንክሪት ሞላን፣ በሲሚንቶ ለሰንነው። በጥቅምት ያምር ነበር። ግንቦት ላይ ግን አንድ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ከዳር እስከ ዳር ሄደበት። ጥፋቱ የአፈሩ ነው። የእኛ ሰፈር አፈር ጥቁር መረሬ ነው። መረሬ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ ይኮማተራል። ሲያብጥና ሲኮማተር ላዩ ላይ ያለውን ቤትም አጥርም ያንቀሳቅሳል፤ ስስ የኩሬ ኮንክሪት ደግሞ ጭራሽ አይችለውም። በከተማዋ ደቡብና ምሥራቅ ያላችሁ ብዙዎቻችሁ መረሬ ላይ ናችሁ። ወደ እንጦጦ ግርጌ ያላችሁ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ቀይ አፈርና ዓለት ታገኛላችሁ።

ላስቲክ ስል የግሪን ሃውስ ስስ ላስቲክ ማለቴ አይደለም። እሱ ለዚህ ሥራ አይበረታም። የምትፈልጉት ጂኦሜምብሬን ነው፤ ገበሬዎች የዝናብ ውኃ ለሚያቆሩበት ጉድጓድ የሚያነጥፉት ያው ነው። ውፍረቱ ከ0.75 እስከ 1 ሚሊ ሜትር ይሁን። ከመሬቱ ጋር አብሮ ይተጣጠፋል እንጂ አይሰነጠቅም።

ከማንጠፋችሁ በፊት ጉድጓዱን በእጃችሁ ዳስሱት። ሹል ድንጋይና የዛፍ ሥር ልቀሙ። ከዚያ አሮጌ ምንጣፍ ወይም በደንብ የተደራረበ ማዳበሪያ ከሥር አንጥፉ። አፈራችሁ መረሬ ከሆነ 20 ሳንቲ ሜትር አስበልጣችሁ ቆፍሩና በግንባታ ቦታ ቀይ አሽ የሚባለውን ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር ሞልታችሁ ጠቅጥቁት።

ስንት ሜትር ላስቲክ ልግዛ?

ርዝመቱ ላይ የጥልቀቱን እጥፍ ደምሩ። ለጠርዝ ደግሞ 60 ሳንቲ ሜትር ጨምሩ። ስፋቱንም እንዲሁ። ኩሬያችን ጥልቅ ቦታው 60 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 4.80 ሜትር በ3.80 ሜትር ያስፈልጋል ማለት ነው። የፏፏቴው ላስቲክ ለብቻው ነው፤ እሱን ከኩሬው ጋር አንድ ላይ አትቁጠሩት።

ስቆፍር ምን ልጠንቀቅ?

ከሁሉ በላይ ውኃ ልክ። ጠርዙ ዙሪያውን እኩል ካልሆነ ውኃው በዝቅተኛው በኩል ይፈሳል፣ በሌላው በኩል ደግሞ ላስቲኩ ተራቁቶ ይታያል። ውኃ ደግሞ ዓይን አይደለም፣ አይሸወድም። ግንበኞች የሚጠቀሙበትን ውኃ የተሞላ ብርሃን የሚያስተላልፍ ጎማ ተጠቀሙ። ለረጅም ርቀት ከእንጨቱ ውኃ ልክ ይሻላል።

በአንድ በኩል 25 ሳንቲ ሜትር ጥልቀትና 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ደረጃ ተዉ፤ ተክል የሚቀመጥበት ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ቀስ ብሎ የሚወርድ ድንጋያማ ዳገት አድርጉለት። የወደቀ ጫጩት ወይም ድመት በዚያ ይወጣል።

የተቆፈረውን አፈር አትጣሉት። ፏፏቴው የሚቆመው በእሱ ላይ ነው።

ፏፏቴውን እንዴት ልገንባ?

እዚህ ላይ ቀስ በሉ፤ ደስታውም ስህተቱም ያለው እዚህ ነው።

ጢስ ዓባይን ያየ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። ውኃው የሚወርደው ከሰፊ የጥቁር ድንጋይ ገደል ላይ ነው፣ ድንጋዩም የመሬቱ አካል ነው። በየግቢው የሚሠሩት ፏፏቴዎች የማያምሩት ሜዳ ላይ እንደ ጉንዳን ኩይሳ ብቻቸውን ስለሚቆሙ ነው። የአፈር ክምሩን በጎንና በኋላ ሰፋ አድርጋችሁ አውርዱት። ቁጥቋጦ ትከሉበት። ድንጋዮቹን አንድ ሦስተኛቸውን መሬት ቅበሩ። ያኔ ፏፏቴው ከድሮም እዚያ የነበረ ይመስላል።

ከፍታው 1 ሜትር ይበቃል። እሱንም በአንድ ጊዜ ከሚወርድ ይልቅ በሦስት ደረጃ ብትከፍሉት እወዳለሁ። ውኃው በየደረጃው አየር ይይዛል፣ ድምፁም ይለያያል፣ ወደ ውጭ የሚረጨውም ያንሳል።

አፈሩን በየ20 ሳንቲ ሜትሩ ጠቅጥቁት፤ አለዚያ ከመጀመሪያው ክረምት በኋላ ይሰምጣል። ከላይ እስከ ታች የማይቆራረጥ ላስቲክ አንጥፉ። የታችኛው ጫፉ በኩሬው ላስቲክ ላይ ይደረብ፤ ከሥሩ ከገባ ውኃው ወደ መሬት ይሄዳል። የላስቲኩን ሁለት ጎን እንደ አሸንዳ ወደ ላይ አጥፉት። ከዚያ ጠፍጣፋውን ማፍሰሻ ድንጋይ ወደ ፊት 5 ሳንቲ ሜትር ወጣ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ድንጋዩ በውኃ ልክ ይለካ፣ ወደ አንድ ጎን ከዘመመ ውኃው በዚያ በኩል ብቻ ይወርዳል።

አሁን ብዙ ሰው የሚዘልለው ሥራ። በድንጋዮቹ መካከልና ከማፍሰሻው ሥር ያለውን ክፍተት በበርና መስኮት ገጣሚዎች ፎም ድፈኑት። ካልደፈናችሁት ውኃው በድንጋዮቹ ሥር ሾልኮ ይወርዳል፤ ፓምፑ እየሠራ ፏፏቴው ደረቅ ሆኖ ታዩታላችሁ። ፎሙ ሳይደርቅ አሸዋ በትኑበት፣ ቀለሙ ይደበቃል። ሲሚንቶ ከመረጣችሁ ግን ዓሣ ከመጨመራችሁ በፊት ውኃውን ደጋግማችሁ ቀይሩ። አዲስ ሲሚንቶ ውኃውን የሚያቃጥል ስለሚያደርገው ዓሣ ይገድላል።

ውኃዬ እንደ ክር ቀጥኖ ነው የሚወርደው። ፓምፑ ምን ያህል ይሁን?

ለእያንዳንዱ ሳንቲ ሜትር የማፍሰሻ ስፋት በሰዓት 150 ሊትር አስቡ። ማፍሰሻችሁ 30 ሳንቲ ሜትር ከሆነ በሰዓት 4,500 ሊትር ነው።

ሱቅ ስትሄዱ ግን ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አትመኑ። ያ ቁጥር ፓምፑ ምንም ሽቅብ ሳይገፋ የሚያወጣው ነው። ከፍታ በጨመረ ቁጥር ይቀንሳል፤ የመጨረሻው ከፍታ ላይ ሲደርስ ጠብታ አይወጣም። ካርቶኑ ላይ በሰዓት 4,500 ሊትርና 2.5 ሜትር ከፍታ ቢልና ውኃውን 1.2 ሜትር ብትገፉት የምታገኙት ግማሽ ያህሉን ነው። ስለዚህ ለኛ ኩሬ 7,000 ወይም 8,000 ሊትር የሚል፣ ከፍታውም ከ3 ሜትር በላይ የሆነ ፓምፕ ያስፈልጋል። ጎማውም ቀጭን አይሁን፣ ኢንች ተኩል ግዙ።

መብራት የሚቆጥረው በዋቱ ነው። 100 ዋት የሚል ፓምፕ ቀንና ሌሊት ቢሠራ በወር 72 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበላል። ከመግዛታችሁ በፊት አስሉት።

ፓምፑን ከፏፏቴው ትይዩ ባለው ጫፍ አስቀምጡት፣ ውኃው ኩሬውን አቋርጦ እንዲዞር። ወለሉ ላይ ሳይሆን ጡብ ላይ ይሁን። ሌሊት ጎማው ቢፈነዳ ፓምፑ ሁሉንም ውኃ ሳይጨርስ ቆሞ ለዓሦቹ ይተርፍላቸዋል።

ማጣሪያ የግድ ነው?

ዓሣ ካለ አዎ። ግን ውድ ነገር አያስፈልግም። በፏፏቴው አናት ላይ አንድ የፕላስቲክ በርሜል ቅበሩ። ውኃው ከታች ገብቶ በላይ በኩል ወደ ማፍሰሻው ይውጣ። መሃሉን ቀይ አሽ በሽንኩርት ከረጢት አድርጋችሁ ሙሉት። ያ ድንጋይ ሁለመናው ቀዳዳ ነው፤ ቀዳዳው ውስጥ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች የዓሣውን ቆሻሻ ይበሉታል። ስታጥቡት በራሱ በኩሬው ውኃ እጠቡት። የቧንቧ ውኃ ክሎሪን ባክቴሪያዎቹን ይገድላቸዋል።

መብራት ሲጠፋ ዓሦቹ ምን ይሆናሉ?

አንድ ጊዜ ሌሊቱን ሙሉ መብራት ጠፍቶ አደረ። ጠዋት ስወጣ አራት ዓሦች በጎናቸው ተንሳፈው አገኘሁ። ልጄ አልቅሳ ትምህርት ቤት ሄደች። ያን ቀን ነው ነገሩን በደንብ ማንበብ የጀመርኩት።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ነው ያለችው። እዚህ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሩብ ያህል ያንሳል። ስለዚህ በእኩል ሙቀት ውኃችን ሊይዝ የሚችለው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። ኩሬው የሚተነፍሰው በፏፏቴው ነው። ሌሊት ደግሞ ተክሎቹም ራሳቸው ኦክስጅን ይወስዳሉ። ጎህ ሊቀድ ሲል ኦክስጅኑ ከሁሉ ሰዓት ያነሰ ነው። የውጭ አገር መመሪያ አንብባችሁ የዓሣ ቁጥር ከወሰናችሁ ቀንሱት። በ3,000 ሊትር ከ8 እስከ 10 ትናንሽ ዓሣ ይበቃል።

መብራት ከጠፋ ዓሦቹን አትመግቡ። ምሽቱን ሁለት ሦስት ጊዜ በባልዲ ቀድታችሁ ከፍ አድርጋችሁ መልሳችሁ አፍስሱ፤ ቀላል ነው፣ ይሠራል። አቅም ያለው በሶላር የሚሞላ ባትሪ ያለው ትንሽ የአየር ፓምፕ ቢገዛ ያርፋል። መብራቱ ለረጅም ሰዓት ጠፍቶ ሲመጣ ከበርሜሉ የሚወጣውን የመጀመሪያ ውኃ ወደ አትክልት ድፉት። በርሜሉ ውስጥ ቆሞ ተበላሽቷል።

ውኃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ኩሬውን በምን ልሙላ?

በቆርቆሯችሁ። በ1 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲዘንብ 1 ሊትር ነው። 60 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 1,200 ሊትር ይሰበሰባል። ሦስት ጥሩ ዝናብ ኩሬውን ሞላው ማለት ነው። ስለዚህ ቁፋሮውን በግንቦት ጨርሱ፣ የክረምቱ ዝናብ ይሞላላችኋል። የመጀመሪያውን ዝናብ ግን ልቀቁት፣ የጣሪያውን አቧራና የወፍ ኩስ ያጥባል።

በበጋ ፀሐይና ንፋስ በቀን 4 ወይም 5 ሚሊ ሜትር ያህል ይወስዳሉ። ለእኛ ኩሬ ከ25 እስከ 30 ሊትር፣ አንድ ጀሪካንና ትንሽ ማለት ነው። ፏፏቴው የሚረጨው ይጨመርበታል። ከቧንቧ ስትጨምሩ በባልዲ አሳድራችሁ ቀስ በቀስ ጨምሩ። ለሚጠጣ ውኃ ወረፋ በሚያዝበት ሰሞን ፓምፑን በቀን ጥቂት ሰዓት ብቻ ያሠራሁበት ጊዜ አለ።

ለክረምቱ ደግሞ ትርፉ ውኃ የሚወጣበት ቱቦ ከጠርዙ ዝቅ አድርጋችሁ ቅበሩ። በወንፊት ክደኑት።

የትኛው ዓሣ ይሻላል? ቆሮሶ ላርባ?

ቆሮሶ ጣፋጭ ነው፣ ነገር ግን የሞቀ ውኃ ዓሣ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት የአዲስ አበባ ኩሬ ይበርደዋል። መብላት ያቆማል፣ አያድግም፣ ይታመማል። ለሐዋሳና ለአዳማ ሰው ጥሩ ነው። ለደጋ ወርቃማው ጎልድፊሽ ይሻላል፤ ብርድ ይችላል፣ የትንኝ እጭም ይበላል። በሁለት ደቂቃ ውስጥ የሚጨርሱትን ያህል ብቻ መግቡ።

ትንኝና ወባ አያመጣም?

የቆመ ውኃ ያመጣል። ትንኝ እንቁላሏን የምትጥለው በረጋ ውኃ ላይ ነው። ፏፏቴ የሚያንቀሳቅሰውና ዓሣ ያለበት ኩሬ አይመቻትም። ከእንቁላል እስከ መብረር አንድ ሳምንት ወይም ሁለት ሳምንት ይፈጅባታል፤ ስለዚህ ጉዞ ስትሄዱ ፓምፑን አጥፍታችሁ ኩሬውን ያለ ዓሣ አትተዉ።

ቆላና ወይና ደጋ ያላችሁ ግን የበለጠ ጠንቀቅ በሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪደሃር ላይ አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባል የወባ ትንኝ ተገኝታለች። ይህች ትንኝ በበርሜልና በታንከር፣ ሰው ባጠራቀመው ውኃ ትራባለች። እ.ኤ.አ. በ2022 ድሬዳዋ ላይ በበጋ ለተነሣው የወባ ወረርሽኝ ምክንያት የሆነችውም እሷ ናት። ድሬዳዋ ውስጥ ብኖር ዓሣ የሌለበት ኩሬ አልሠራም ነበር።

ምን ልትከል?

ደንገልና ቄጠማ። ሁለቱም የአገራችን ናቸው፣ ሁለቱም ውኃ ያጣራሉ። ቄጠማው ለበዓል የምትጎዘጉዙትም ይሆናል። የውኃ አበባ ካገኛችሁ ጨምሩበት፣ ሰፊ ቅጠሉ ውኃውን ያጠላዋል።

እምቦጭ ግን በምንም ምክንያት አታስገቡ። ወይን ጠጅ አበባው ያምራል፣ አንዳንድ ሰውም ለጌጥ ብሎ ሲያስቀምጠው አይቻለሁ። ቆቃ ላይ እ.ኤ.አ. በ1965 ታየ። ጣና ላይ እ.ኤ.አ. በ2011 ታየ፤ ስንት ሕዝብ በእጁ ሲነቅለው እንደኖረ ሁላችንም አይተናል። ከግቢያችሁ አንድ ዘለላ ወደ ቦይ ከወረደ ቦዩ ወደ አቃቂ፣ አቃቂ ወደ አባ ሳሙኤል፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይሄዳል። ይህን ነገር በጣም ከልቤ ነው የምለምናችሁ።

ውኃው አረንጓዴ ሆነ። ልቀይረው?

አትቀይሩት። አዲስ ኩሬ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አረንጓዴ ይሆናል፤ ማጣሪያው ገና አልበሰለም። ውኃውን ከቀየራችሁ ከዜሮ ትጀምራላችሁ። ምግብ ቀንሱ፣ የውኃውን ግማሽ ገደማ በቅጠል አጥሉት፣ ታገሡ።

ውኃው በየቀኑ ይቀንሳል። ላስቲኩ ተቀዶ ይሆን?

ብዙውን ጊዜ አልተቀደደም። አንድ ባልዲ ውኃ ሞልታችሁ ኩሬው አጠገብ አስቀምጡ። ሁለቱ እኩል ከቀነሱ ፀሐይ ነው። ኩሬው ከበለጠ ፓምፑን አንድ ቀን አጥፉ። ያኔ መቀነሱ ካቆመ ችግሩ ፏፏቴው ላይ ነው፤ የታጠፈ የላስቲክ ጠርዝ ወርዷል ወይም ድንጋይ ውኃውን ወደ ውጭ ይረጨዋል። ፓምፑ ጠፍቶም ከቀነሰ ውኃው የቆመበት ልክ ላይ ዙሪያውን ፈልጉ። ቀዳዳው እዚያው ቁመት ላይ ነው።

ትንሽ ልጅ አለኝ። ልሥራ?

ልጁ ከአምስት ዓመት በታች ከሆነ ለጊዜው ኩሬውን ተዉትና ፏፏቴውን ብቻ ሥሩ። ውኃው በጠጠር በተሞላ ጉድጓድ ውስጥ ይሰምጣል፣ ፓምፑም ከጠጠሩ ሥር ሆኖ ያዞረዋል። ላዩ ላይ የቆመ ውኃ የለም። ሕፃን በጥቂት ሳንቲ ሜትር ውኃ ይሰምጣል፣ ድምፅም አያሰማም። ልጁ ሲያድግ ጠጠሩን አውጥታችሁ ኩሬ ታደርጉታላችሁ።

ኤሌክትሪኩም እንዲሁ ቀልድ የለውም። መስመሩ በ30 ሚሊ አምፒር የሚቆርጥ አርሲዲ (መብራት ሾልኮ ወደ ውኃ ወይም ወደ ሰው ሲሄድ ወዲያው የሚያጠፋ መከላከያ) ይኑረው፣ ሥራውንም የኤሌክትሪክ ባለሙያ ይሥራው። እጃችሁን ውኃ ውስጥ ከማስገባታችሁ በፊት ሶኬቱን ንቀሉ።

አሜሪካ ነው የምኖረው። ምን ይለያል?

ከመቆፈራችሁ ጥቂት ቀናት በፊት 811 ደውሉ፤ የተቀበረ የጋዝና የመብራት መስመር መጥተው ምልክት ያደርጉላችኋል፣ በነፃ ነው። ኩሬው 60 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ካለው አጥር የሚያስገድዱ ከተሞች ስላሉ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ውኃ የሚበርድበት ግዛት ከሆናችሁ ጠለቅ አድርጉት፣ በክረምትም በረዶው ላይ አንድ ቀዳዳ ክፍት ይሁን። በረዶውን በመዶሻ አትምቱት፣ ዓሦቹን ይጎዳል።

ሌሊት ድምፁ ጎረቤት አይረብሽም?

ውኃው ከፍ ካለ ቦታ ጥልቅ ውኃ ውስጥ ሲወድቅ ነው የሚጮኸው። ከሚወድቅበት ሥር አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡና ተንሸራትቶ እንዲገባ አድርጉት። እኛ አንዱን ድንጋይ ሦስት ጊዜ አንሥተን አስቀምጠነዋል። አሁን ከመኝታ ቤት የሚሰማው ሹክሹክታ ብቻ ነው፤ ጎረቤታችን እማማም መስኮታቸውን ከፍተው ይተኛሉ።